ሳህን ገልብጦ የሚልሰው ሰው

ጌጤነህ መሞቱን የነገሩኝ የቤት አከራዩ ናቸው። "አያ ወርቁ፣ ጡሩምባህን አንሣ፤ ቀማሹ ሞተልህ" አሉኝ። አነጋገራቸው ስጦታ ይዘውልኝ የመጡ ይመስል ነበር።

እኔ እዚህ መርሳ የሰፈራችን ቅሬ ጡሩምባ ነፊ ነኝ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሟቹን አብሮ የሚሸኝበት። ሰው ሲሞት መንደሩን እየዞርኩ እነፋለሁ፣ ስሙን እጠራለሁ። ጥርሴ ካለቀ ወዲህ ግን ግማሹ ትንፋሽ በጎን እያመለጠ፣ የኔን ጡሩምባ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን ሞተ ብሎ ሳይሆን የማን አህያ ነው ብሎ ነው።

የዚያን ቀንም ነፋሁ። "አቶ ጌጤነህ አርፈዋል!" እያልኩ በየደጁ የወጣውን ሰው ፊት አየሁ። ሐዘን ፈልጌ ነበር። አንዲት ሴትዮ ብቻ ከአጥሯ ብቅ ብላ፣

"ምላሱስ?" አለችኝ።

"አብሮ ሄዷል" አልኳት።

"አልሐምዱሊላህ" ብላ ገባች።

ስለ ሞተ ሰው ደግ ደጉን መጻፍ ወግ እንደሆነ አውቃለሁ። ሞክሬም ነበር። "ሰዓት ያከብር ነበር" ብዬ ጀመርኩና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እምቢ አለኝ። ስለዚህ እንደነበረ እጽፈዋለሁ፤ ቅር የሚለው ዘመድ ካለው ይምጣ፣ ከኔ ጋር መጣላት ከባድ አይደለም፣ ቁመቴ አንድ ክንድ እንኳ ስለማይሞላ።

ዘመኑ የኢሕአዴግ ነው። በመርሳና በሲሪንቃ መካከል፣ አስፋልቱ ላይ፣ ሁለት በርሜልና አንድ ገመድ ያላት የጉምሩክ ኬላ ነበረች። ከጎኗ መጋዘን የሚባል ዝገት የበላው ኮንቴይነር ተቀምጧል። በረሃውን እያቋረጠ የሚገባው ኮንትሮባንድ በዝቷል ተብሎ ነው የተተከለችው። ጌጤነህን የላኩት ዕቃ እንዲመድብ ነው። ከውጭ የገባ ነገር ሁሉ በአንድ ወፍራም የታሪፍ መጽሐፍ ውስጥ ቁጥር አለው፤ ቀረጡ የሚወሰነው በቁጥሩ ነው። ከሸክላ አፈር ተሠርቶ የተተኮሰ ምዕራፍ ስልሳ ዘጠኝ፤ መስታወት ምዕራፍ ሰባ። ስልሳ ዘጠኝ ውስጥም ስሱና ጥሩው፣ ፖርሴሊን የሚባለው፣ ለብቻው ነው፤ ተራው ሸክላ ደግሞ ሌላ ቦታ። ይህን ሁሉ የማውቀው ተምሬ እንዳይመስላችሁ። እሱ ሲናገር ድምፁ ማዶ ሰፈር ድረስ ይሰማ ነበር።

መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ነበር የሚዞረው፤ ሙቀት መለኪያ የያዘ በሽተኛ ይመስል ነበር። "ነገር ሁሉ ምዕራፍ አለው" ይላል። ሰው ሲያለቅስበት ደግሞ፣ "እኔ አልፈርድም፤ እመድባለሁ።" እነዚህ ሁለቱ ናቸው የንግግሩ ሀብት። ሌላው ሁሉ ምላስ ነው።

ምላስ ስል ምላስ ማለቴ ነው። ሳህን ወይም ሲኒ ሲይዝ ይገለብጠዋል። ከሥሩ የሚያብረቀርቀው ቅብ ያልነካው ሻካራ ክብ አለ አይደል? እዚያ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ምላሱን ያሳርፋል። ምላሱ ያዝ ካደረገው ውሃ የሚመጥ ተራ ሸክላ ነው፤ ካልያዘው ፖርሴሊን። ቀጥሎ ዕቃውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ጣቱን ከኋላ ያስጠጋል፤ የጣቱ ጥላ ከታየው ፖርሴሊንነቱ ጸደቀ። መጨረሻ ላይ በእስክሪብቶው ኳ ያደርገውና ጆሮውን ይሰጠዋል። ሲጨርስ ከኪሱ ነጭ መሐረብ አውጥቶ ይጠርጋል። ምላሱን ነው የሚጠርገው እንጂ ሳህኑን አይደለም።

ዘዴው ትክክል ነው አሉ፤ በዓለም ላይ ያሉ የሙያው ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። ይሁን። እኔም ቤቴ ገብቼ ሞከርኩት። የኔ ምላስ ከሲኒውም፣ ከሳህኑም፣ ከብርጭቆውም ላይ ተጣበቀ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆይታ፣ "ጥርስህ ሲያልቅ ወደ ምላስ ተዛወርክ?" አለችኝ። ሙያው በዚያው ቀረ።

አንድ ጊዜ ከወልድያ የሚመጣ አውቶቡስ አስቁሞ፣ ልጇን ልትድር ብርጭቆ የገዛች እናት ያዘ። ባለ እግር ብርጭቆ የራሱ ቁጥር አለው። የሷ ብርጭቆ ደግሞ ከሥሩ ወፈር ብሎ ወገቡ ላይ ቀጠን ያለ ነው። ጌጤነህ ያንን ብርጭቆ በጠራራ ፀሐይ እያሽከረከረ፣ "ይህ እግር ነው፣ ወይስ መቀመጫ?" ይላል፤ መጽሐፉን ይገልጣል፤ እንደገና ያሽከረክራል። ሕፃናት አለቀሱ፣ ዶሮ ጮኸ፣ ሾፌሩ ከጎማው ጥላ ሥር ተኛ። አንድ ሽማግሌ በመስኮት ብቅ ብለው፣ "ጌታው! ተራምዶ ካልሄደ እግር አይደለም፣ ልቀቀንና እንሂድ!" አሉ። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። መጽሐፉ ውስጥ ስለ መራመድ የተጻፈ ነገር ፈለገ መሰለኝ።

ይህን ሲያደርግ ከጀርባው፣ ከወንዙ ማዶ፣ የግመል ጉዞ በሰልፍ ያልፋል። ግመሎቹ ምን እንደጫኑ መርሳ ሁሉ ያውቃል። እሱ ግን ቀና ብሎ አያይም፤ ግመል ምላሱ አይደርስበትማ።

ጉቦ አይበላም ነበር። ይህን የምጽፈው ላሞግሰው አይደለም። ጉቦ የሚበላ ሰው ቢያንስ ዓይንህን ያይሃል፣ ይፈልግሃል፣ ልጆችህ ደህና ናቸው ወይ ይልሃል። ጌጤነህ ሰው የሚያየው የያዘው ዕቃ መደርደሪያ አድርጎ ነው። ግምገማ ላይ እንኳ ሌላው ስለ ዘመድ አሠራርና ስለ መጠጥ ራሱን ሲወቅስ፣ እሱ ተነሥቶ፣ "ባለፈው ሳምንት አንድ ሲኒ ሳልቀምስ አሳልፌአለሁ" አለ አሉ። ሰብሳቢውም ከባድ ጥፋት እንደሰማ ሰው ኮስተር ብሎ መዘገበለት።

አሁን ወደ እትዬ ዘይነባ ልምጣ። ከሳቸው ውጭ ይህ ሰው ሊጻፍ የሚገባው አይደለም።

እትዬ ዘይነባ በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ የቅሬያችን ዕቃ ጠባቂም። ሴቶቹ ተመካክረው ከወልድያ ገበያ አንድ ዓይነት ነጭ ሳህን አስመጡ፤ ስስ፣ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ሰማያዊ አበባ ያለበት። ገንዘቡን እያንዳንዷ አዋጥታለች፤ ሳህኑንም እትዬ ዘይነባ እጅ ላይ አስቀመጡት። "አማና ነው" አሉ እሳቸውም፤ አላህን ምስክር ያደረጉበት አደራ ማለታቸው ነው። ከሌላ ቅሬ ሳህን ጋር እንዳይቀላቀል ደግሞ በየሳህኑ ሥር በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረጉበት። ቀለሙን ሲገዙ ባለሱቁ፣ "እትዬ፣ በዚህ ዕድሜ ለማን ነው የሚዋቡት?" ቢላቸው፣ "ለሳህኔ፤ ከባል ይሻለኛል፣ ከሄደበት ይመለሳል" ብለውታል።

ከአባሎቻችን አንዱ ሲሞት ዘመዶቹ ከሲሪንቃ አለፍ ብሎ ባለው የትውልድ ቀዬው ሊቀብሩት ወሰዱት። ቅሬው ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱንና ሳህኑን በአይሱዙ ጭኖ ተከተለ። እኔ ከነጡሩምባዬ ጭነቱ አናት ላይ ነኝ። ኬላዋ ላይ ገመዱ ተወጠረ።

ጌጤነህ ሳህኖቹን ሲያይ ፊቱ በራ።

"ይህ ከየት መጣ?"

"ከመርሳ" አሉ እትዬ ዘይነባ።

"ከመርሳ በፊትስ?"

"ከወልድያ ገበያ።"

"ከወልድያ በፊትስ?"

"ከዚያ በፊት ምን አውቄ! ልጄ፣ ለቅሶ ነው የምንሄደው። ሬሳው ቀድሞናል፣ ቀባሪው ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል።"

"ዲክላራሲዮን፣ የቀረጥ ወረቀት አላቸው?"

"እነማን?"

"ሳህኖቹ።"

ከላይ ሆኜ፣ "ጌታው፣ እኔም ዲክላራሲዮን የለኝም፤ እኔንም ቅመሰኝ!" አልኩት።

ቀና ብሎ ከጫማዬ እስከ ጡሩምባዬ አየኝ። "እርስዎ የአገር ውስጥ ምርት ነዎት" አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደም።

አንዱን ሳህን ገልብጦ ላሰ። አልተጣበቀም። ወደ ፀሐይ አነሣው፣ የጣቱ ጥላ ታየ። "ፖርሴሊን" አለ፣ እንደ ሐኪም። ከዚያ ቀዩን ነጥብ አየ።

"ይህ ምልክት ለማን እንዲደርስ ነው?"

"ለማንም እንዲደርስ አይደለም! ለኛው እንዲመለስ ነው። የጥፍር ቀለም ነው፣ እኔው ነኝ የቀባሁት።"

"ነጋዴም እንዲህ ነው ምልክት የሚያደርገው።"

"እንግዲያ ሁሉም ቤት ሂድና ገልብጥ! በዚህ አገር ሳህኑን የማይቀባ ማን አለ? ልጄ፣ በወለደችህ፣ ዛሬን ልቀቀንና ነገ እኔው ተሸክሜ አመጣልሃለሁ።"

"እኔ አልፈርድም፤ እመድባለሁ" አለና አስወረደው።

ሌላው ዕቃ አለፈ። ሳህኑ ቀረ። ስንደርስ ቀባሪው ከመቃብር ተመልሶ ተቀምጧል፤ ንፍሮው በድስት ሙሉ ነው፣ ማቅረቢያ የለም። ከአንድ ማሳ የሙዝ ቅጠል ለምነን፣ ቆራርጠን፣ በቅጠል አቀረብን። የሟቹ ዘመዶች ጨዋ ናቸው፤ ቅጠሉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀስ ብለው፣ "የመርሳ ሰው በቅጠል ነው እንዴ የሚያስተዛዝን?" ብለው ጎረቤታቸውን ሲጠይቁ እትዬ ዘይነባ ሰሙ።

የራሳቸውን ንፍሮ በቅጠል ይዘው እንደተቀመጡ፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ እንዲህ አሉ፦ "ወይ ሳህኑ ይመለሳል፣ ወይ ያ ሰውዬ ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ ለቅሶ ቤት በሳህን ብበላ ወላሂ ሐራም ይሁንብኝ።"

ከዚያ ወዲያ ወልድያ መመላለስ ሆነ። በርበሬያቸውን ለሰው ትተው አለቃው ደጅ ይውላሉ። "ስብሰባ ላይ ናቸው" ይባላሉ፤ ቁጭ ይላሉ። "ሥልጠና ሄደዋል" ይባላሉ፤ ነገ ይመጣሉ። ኬላው ላይም ሲያልፉ ጌጤነህን መለመናቸው አልቀረም። አንድ ቀን፣ "እትዬ፣ ይህ የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ነው" አላቸው። "የምን ኪራይ? እኛ ሳህን የምናውሰው በነጻ ነው" አሉት። ይህንንም የሚመድብበት ምዕራፍ አጣ።

በመጨረሻ አለቃው ሰለቸው ወይ አዘነ። "የተያዙት የፖርሴሊን ሳህኖች ለቅሬው ይመለሱ" ብሎ ትእዛዝ ሰጠ። እትዬ ዘይነባ ሠፈሩን ሁሉ አስከትለው ወረዱ። እኔም ጡሩምባዬን ይዤ ነበር፤ ለደስታ ነፍቼ ስለማላውቅ እንዴት እንደሚነፋ መንገድ ላይ ስለማመድ ደረስን።

ጌጤነህ ኮንቴይነሩን ከፈተ። አንድ ሳህን አወጣ። "ከትእዛዙ ጋር ላመሳክር" አለ። ገለበጠ፣ ላሰ፣ ወደ ፀሐይ አነሣ፣ መሐረቡን አወጣ። የቀረችው ያቺ ኳ ነበረች። የዚያን ቀን ግን ሰው ተሰብስቦለት ስለነበር ኳዋን አጠነከራት መሰለኝ።

ሳህኑ ጧ ብሎ ፈነዳ።

ተሰበረ አይደለም የምላችሁ፤ ፈነዳ። እንደ በረዶ ጠጠር ሆኖ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሴቶቹ "ቢስሚላህ!" ብለው ሸሹ። እኔ የተተኮሰብን መስሎኝ ከበርሜሉ ጀርባ ነበርኩ፤ ጀግንነቴ እስከዚያ ነው። ጌጤነህ ቁርጥራጩን አንሥቶ ስብራቱን አየ። ሸክላ ሲሰበር እንደ ደረቅ ዳቦ ነው፤ ይህ ግን ውስጡም ጥርት ብሎ ያበራል። መስታወት ነበር። ነጭ ሆኖ የተሠራ፣ ተጠናክሮ የተተኮሰ መስታወት። ያ የተከበረ ምላስ፣ ያ ፀሐይ፣ ያ ጣት ሁሉ ተሸውደዋል።

"ምዕራፍ ሰባ" አለ በለሆሳስ።

ሳቅን። በቃ ያለቀለት መስሎን ነው የሳቅነው። አንዱማ "ቀማሹ፣ ጨው አነሰው?" አለው። እትዬ ዘይነባ ግን ወደ ኮንቴይነሩ ሄደው ሳህን መቁጠር ጀምረው ነበር።

"እትዬ፣ ያስቀምጡ" አለ ጌጤነህ።

"ታዟል እኮ ልጄ።"

"ትእዛዙ የሚለው ፖርሴሊን ሳህን ይመለስ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ያለው መስታወት ነው። የታዘዘው ፖርሴሊን የለም፤ ያለው መስታወት ደግሞ አልታዘዘም።"

"ፖርሴሊን ያልከው አንተ!"

"አዎ።"

"የተሳሳትከው አንተ!"

"አዎ። ስለዚህ እንደገና ይመደባል፤ እንደገና ይያዛል፤ ከዚያ እንደገና ታመለክታላችሁ።"

እትዬ ዘይነባ ሳህኑን እንደያዙ ወደ እሱ ዞሩ። ስድብ ጠብቀን ነበር፤ እኔ እንዲያውም ጥቂት አዋጥቼላቸው ነበር። ሳህኑን ወደ ቦታው መለሱ፤ ቀስ አድርገው፣ እንዳይፈነዳ። ከዚያ ኮንቴይነሩ በር ላይ ቆመው፣ "ልጄ፣ አንተ እናት ነበረችህ?" አሉት።

"ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም" አለ።

ያን ጊዜ ነው ይህ ሰው ክፉ እንዳልሆነ የገባኝ። ክፉ ቢሆን ኖሮ እንደ ክፉ እንፈራው ነበር። ይህ ባዶ ነው። ቢያንኳኩት ድምፅ እንኳ አይሰጥም።

ሁለተኛው ትእዛዝ አልመጣም። አለቃው ተቀየረ፤ አዲሱ "ጉዳዩ የተዘጋ ነው" አለ፤ ከእሱ የቀጠለው ጉዳዩንም አላገኘው። አንድ ቀን ኬላዋ ተነሣች። የኮንቴይነሩን ዕቃ በመኪና ጭነው ወሰዱት። የት እንደወሰዱት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እትዬ ዘይነባ አስፋልቱ ዳር ቆመው፣ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ከላይ የሚሰማውን ያዳምጡ ነበር። ሳህን ሲንኳኳ እንኳ ድምፁን ያውቁታል።

ቅሬው ኋላ ሌላ ሳህን ገዛ። እሳቸውም ተቀብለው ሥሩን ቀቡ፣ አጠቡ፣ አዋሱ፣ ቆጥረው መለሱ። ግን በደረሱበት ለቅሶ ሁሉ የሙዝ ቅጠል ቁራጭ በሻርፓቸው ጠቅልለው ይመጣሉ። ንፍሮአቸውን በቅጠል ይበላሉ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሁላችንም እናውቃለን።

ከኬላዋ መነሣት ጋር ጌጤነህም ጡረታ ወጣ፤ ወደ አገሩ ይሄዳል ብለን ስንጠብቅ እዚሁ መርሳ አንድ ክፍል ተከራየ። አገሩም የሚያውቀው ይመስለኛል። ከዚያ ቅሬ ልግባ ብሎ መጣ። ሰው መሆኑን ያወቀው በጡረታው ነው፤ ለካ እሱም ይሞታል።

የቅሬው ዳኞች ተያዩ። አንዱ "የት ነበርክ እስከ ዛሬ?" አለው፤ ሌላው ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ዝም ማለት ስለማይሆንልኝ፣ "መግባቱስ ይግባ፤ በየትኛው ምዕራፍ እንመድበው?" አልኩ።

ሁሉም ወደ እትዬ ዘይነባ ዞሩ። እሳቸው ሳህን እየወለወሉ ነበር፤ ቀና አላሉም።

"ሟች በሚለው" አሉ። "ይመዝገብ።"

ገባ። ለቅሶ መምጣት ጀመረ። ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ ንፍሮ ሲሰጡት ሳህኑን ከፍ አድርጎ ሥሩን ያያል። ልማድ ነው። አንድ ቀን ከእትዬ ዘይነባ አጠገብ ተቀመጠ። ቅጠሉን አየ። አሁን የምጽፈውን ባልሰማው ኖሮ አላምንም ነበር፦

"እትዬ፣ ሳህን እያለ ለምንድን ነው በቅጠል የሚበሉት?" አላቸው።

ረስቶታል። የላሰውን፣ ያፈነዳውን፣ እንደገና የያዘውን ሁሉ ረስቶታል። እሳቸው አኝከው ዋጡና፣

"ሌላ ቀን ይነገርሃል" አሉት።

እንግዲህ ያ ሰው ነው የሞተው። ቀበርነው፤ ቅሬ ነው፣ ግዴታ ነው። ድንኳኑ አከራዩ ግቢ ተተከለ። ከሩቅ አገር ወንድሙ መጣ፤ ደህና ሰው ይመስላል፣ ምላሱን አፉ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ንፍሮው ተቀቀለ። እትዬ ዘይነባ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ ለሴቶቹ አንድ እቅፍ የሙዝ ቅጠል አሳለፉ። ዳኛውም በቅጠል፣ አከራዩም በቅጠል፣ እኔም በቅጠል። የኔስ ቀዳዳ ነበረበት፤ ግማሹን ንፍሮ ሱሪዬ በላው።

ወንድምየው ግራ ገብቶት ቅጠሉን አገላብጦ አየ። ቤተሰቡ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

"እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቅሬው ሳህን የለውም እንዴ?"

"አለው።"

"ታዲያ ለምን...?"

"ወንድምህም ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር" አሉት እትዬ ዘይነባ። "ሌላ ቀን ይነገርሃል ብዬው ነበር። ይኸው።"

ያ ሰውዬ ሄዷልና መሐላቸው ተፈቷል፤ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደው አንድ ሳህን ይዘው ተመለሱ፤ አንድ ብቻ። ንፍሮ አስጨመሩበት። ድንኳኑ መሐል፣ ቅጠል በያዘው ሰው ሁሉ ፊት ተቀምጠው፣ ሳይቸኩሉ፣ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ድረስ በሉ። ሲጨርሱ ሳህኑን ገለበጡት። ቀዩን ነጥብ ትንሽ አዩት። በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉትና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

አልላሱትም።